እፍኝ ለበሽተኛ

የወይራ አምባ ሰው ማሳው ውስጥ መሽናት ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው። በሥራ መሀል የቸገረው ሰው የያዘውን ጥሎ፣ ጥርሱን ነክሶ እስከ አስፋልቱ ዳር ይሮጣል። እንግዳ ሲመጣም ገና ከደጃፍ የሚነገረው ይኸው ነው። "ቤት ለእንግዳ፣ ሽንት ለአስፋልት" ይሉታል፣ እየሳቁ ግን ከምራቸው። ፍየሎቹ ከጅራታቸው ሥር ከረጢት ታጥቀው ይሰማራሉ። ከረጢቷ የተፈታባት ፍየል የሰው ማሳ ከገባች ነገሩ በቀላሉ አይበርድም፤ ባለፍየሉና ባለማሳው የሚታረቁት በሽማግሌ ነው።

በየማሳው መሀል አንድ አነፍናፊ አለ። መልኩ የተደፋ ማሰሮ ነው፤ አፈሩ ላይ ተደፍቶ ክረምት ከበጋ ያሸታል። ማዳበሪያ ወይም ሽንት የበዛበት አፈር ዝናብ ሲጠግብ ዓይን የማያየው፣ የሰው አፍንጫ የማይለየው ጋዝ ያወጣል። ሰማዩን ካሞቁት አንዱ እሱ ነው ተብሎ ሰማይ እንደ ርስት ተሸንሽኖ ለየአገሩ፣ ለየቀበሌው፣ ለየማሳው ታድሏል፤ ማዳበሪያም የሚሰፈረው በዚያው ልክ ነው። ትልልቆቹ አገሮች ቀድመው ስላነሱ ለወይራ አምባ የደረሳት የተረፈው ነው። ለጋዙ ረጅም ስም ተነግሯቸው ነበር፤ በማንም አፍ አልያዘም። "ትንፋሽ" ይሉታል፣ አለቀ።

ጧት ጧት ቀበሌው ግቢ ካለው ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያው ማሳዎቹን በየተራ ይጠራል። "የነያፌት፤ ዝም። የነመምሬ ናትናኤል፤ ዝም። የነማህሌት፤ ዝም።" ይህን ሳይሰማ ፊቱን የሚታጠብ ሰው የለም። ሰላምታውም ከዚሁ ጋር ተለውጧል። "እንዴት አደራችሁ? መሬቱስ?" ሲባል መልሱ "ዝም ብሎ አደረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው።

ከልኩ በላይ የተነፈሰ ማሳ ይዘጋል። ነጭ ሸራ ያለብሱትና ሰባት ዓመት የሰው እግር አይረግጠውም። የትንፋሽ ድርሻው ለጎረቤት ማሳዎች ይከፋፈላል። ክፍት ማሳ የሌለው ሰው በቀጠናው መኖር ስለማይፈቀድለት ደግሞ ደብረ ብርሃን ዳር ከተደረደሩት ፎቆች አንድ ቤት ይሰጠዋል። ቤቱ ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ሊፍት አለው። ከዚያ ተመልሶ መሬት ያረሰ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።

ጋሽ ቃለአብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ስሙም የሽማግሌ ስም ነው፤ ቃለአብ፣ ያፌት፣ ናትናኤል ብሎ ልጅ የሚሰይም ዛሬ የለም። ከሚስቱ ከእትዬ ሶልያና ጋር የወለዷቸው ልጆች ከተበታተኑ ቆይተዋል። ለሁለቱ የቀራቸው ከአባቱ የወረሰው ጥቁር አፈር፣ ያ መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ይወዳል፣ ውሃ የጠገበ መረሬ ደግሞ ትንፋሽ ይወዳል። የጋሽ ቃለአብ ማሳ ግን በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ "ተነፈሰ" ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። በዚህ ይኮራል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይመጻደቃልም።

በሐምሌ መጀመሪያ፣ መሬቱ ተገልብጦ ለዘር ሲሰናዳ፣ ጋሽ ቃለአብ ቦይ ሊሻገር ሲል አዳለጠውና ወደቀ። የዳሌው አጥንት ተሰነጠቀ። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወስደው አስተኙት። እሱን ያስጨነቀው አጥንቱ አልነበረም። የስንዴ ዘር ቀን ካለፈ አለፈ ነው፤ ያልተዘራ ማሳ ደግሞ ድርሻው ይቀነሳል። አልጋው ላይ ሆኖ ጣራውን እያየ ወሬው ሁሉ "ዘሩ፣ ዘሩ" ሆነ። ነርሷ የልጅ ልጁ ስም መስሏት ነበር።

እትዬ ሶልያና ልትጠይቀው ስትመጣ ፊቷ በርቷል።

"ተዘራልህ!" አለችው፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ።

"ማን ዘራው?"

"አገሩ ነዋ! ደቦ ወጡልህ።"

"ማን ማን መጣ?"

"ማን ቀረ በለኝ እንጂ! አበልጅህ ያፌት ከነልጆቹ፣ ማህሌት፣ መምሬ ሳይቀሩ። መምሬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ገቡልህ እኮ።"

ጋሽ ቃለአብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። የደስታ ልቅሶ ነበር።

ደቦ ማለት በወይራ አምባ ቀልድ አይደለም። ትራክተር ከቀረ ቆይቷል፤ ከባድ ጎማ መረሬውን ይጠቀጥቀዋል፣ የተጠቀጠቀ አፈር ደግሞ አብዝቶ ይተነፍሳል ተብሎ ተከልክሏል። ስለዚህ በቅድመ አያቶች ዘመን እንደነበረው ሰው ተደርድሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃውን በእጁ እያፈሰ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቡና በመደቡ መሀልም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይከፍታል። ወገብ ይቆርጣል። ለበሽተኛ ደቦ የሚወጣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። እፍኝ ዘር ይዞ ይሄድና ጎንበስ ሲል ማንም ሳያይ ከመዳፉ ይለቀዋል። እፍኙን ለሰው አያሳይም፣ አያወራምም። የተወራ እፍኝ በሽታውን ወደ ሰጪው ያዞረዋል ይባላል። ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ የሚያፈርሰውም የለም።

ጋሽ ቃለአብ በሁለት ክራንች ተደግፎ ቤቱ በገባ ማግስት፣ የሌሊቱ ዝናብ ገና ከጣራው ሲንጠባጠብ፣ ድምፅ ማጉያው መጥራት ጀመረ። "የነያፌት፤ ዝም። የነማህሌት፤ ዝም። የነቃለአብ፤ ተነፈሰ።"

እትዬ ሶልያና የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

"ተሳስተው ነው" አለ ጋሽ ቃለአብ። "እንደገና ይጠሩታል።"

አልጠሩትም። የሚቀጥለውን ማሳ ጠርተው አለፉ።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ያፌት ነበር። ያፌት የጋሽ ቃለአብን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው፤ እኩዮች ቢሆኑም ለወጉ ሲሉ ይከባበራሉ። ጎንበስ ብሎ ገባና ሬሳ እንዳለበት ቤት ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

"አበልጄ፣ ምን ጉድ ነው የሰማሁት?"

"እርስዎም እኔም እኩል ነው የሰማነው።"

"ከተሰፈረልዎ በላይ የጨመረብዎ አለ። ሌላ ምን ይሆናል? ሰው እንዲህ ይከፋል? በበሽተኛ ላይ!" ያፌት ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ እንኳ ለወጉ ያህል አንዲት እፍኝ ነች የጣልኩት። አይነገርም ነበር፤ አንጀቴ ቢያር ነው የነገርኩዎ። ዘሩ እንደሚያውቁት ለየማሳው የተቆለፈ ነው፣ የእኔ ዘር የእርስዎ መሬት ላይ አይበቅልም። ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ? ከማዳበሪያዬ ቆንጠር አደረግሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ጋሽ ቃለአብ። ልቡ ግን አንድ ነገር ጠረጠረ።

እሱ እንደወጣ ባሏ የሞተባት ማህሌት ገባች። ለእትዬ ሶልያና አለቀሰችላትና ስትወጣ ከበሩ ላይ ተመልሳ "እኔ አንዲት እፍኝ ብቻ ነው የጣልኩት፣ ጋሼ። ዘር የለም ብዬ ከማዳበሪያው። አንዲት እፍኝ ምን ታደርጋለች?" አለችው። ከሰዓት በፊት ደግሞ መምሬ ናትናኤል መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙት፣ ጸለዩለት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸውም እፍኝ።

መምሬ ከደጁ ራቅ ሲሉ ጋሽ ቃለአብ ክራንቹን ታቅፎ ሳቀ። ሳቁ ሚስቱን አስፈራት።

"ምን ያስቅሃል፣ አንተ ሰውዬ?"

"ገባኝ እኮ። ሁሉም ናቸው። ሁሉም በየጥጉ፣ ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ ብሎ። በደግነት ነው የገደሉኝ፣ ሶሊ።"

ከሰዓት የአፈር ትንፋሽ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መጣች። ስሟ ዘነበወርቅ ነው፤ የቅድመ አያት ስም ተመልሶ ፋሽን ሆኗል። ትሑት ልጅ ናት። ማሳው ውስጥ ስትገባ የመሬቱን ጭቃ ላለመጠቅጠቅ ሰፊ ሰሌዳ ከእግሯ ሥር ታስራለች። አነፍናፊውን አየች፣ አፈሩን ነካች፣ ከዚያ መጥታ ጋሽ ቃለአብ አጠገብ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ማሳዎ ላይ ተጨምሯል። የጨመረውን ሰው ከጠሩልኝ ትንፋሹ በእሱ ስም ይሆናል፤ የእርስዎ ማሳ ይተርፋል።"

"የእሱስ?"

"የእሱ ይዘጋል።"

"ብዙ ሰው ቢሆንስ ልጄ?"

"እኩል ይካፈሉታል።"

"አገሩ ሁሉ ቢሆንስ?"

ልጅቷ በጣቷ አሰላች። እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። "ሁሉም ከሆኑ ለአንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የማንም ማሳ ከልክ አያልፍም። የሚዘጋም አይኖርም። ግን አባባ፣ ሁሉም በገዛ አፋቸው ማመን አለባቸው። ጥቂቶቹ ብቻ ካመኑ በጥቂቶቹ ላይ ነው የሚወድቀው።" እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ የጨመረ እጁን እንዲያነሳ ነግራ ሄደች።

እትዬ ሶልያና በዚያ ቀን እራት አላቀረበችም። "ያፌትን ጥራ" አለችው። "በገዛ አፉ ነግሮሃል። እፍኝ ይሁን ቁና ማን ለካለት?"

"አንድ ሰው ብጠራ የሁሉም በእሱ ላይ ይወድቃል።"

"በእኛ ላይስ ወድቆ የለም? እኔ ፎቅ ላይ ልሙት?"

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይካፈሉታል፣ አትስጊ። ያንን ጭቃ በእጃቸው ያፈሱልኝ ሰዎች እጃቸውን ማንሳት ይከብዳቸዋል?"

"አንተ ሰው ታውቃለህ መስሎሃል" አለችና ፊቷን አዞረች።

እስከ እሑድ ድረስ ጋሽ ቃለአብ በክራንች እየተንቀረፈፈ ቤት ለቤት ዞረ። ዳሌው እንደ ጥርስ ይጠዘጥዘው ነበር። ያልተቀበለው ሰው አልነበረም። በየደረሰበት ወንበር አወጡለት፣ እርጎ አቀረቡለት፣ ነገሩን ሲያስረዳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኼማ ምን ችግር አለው ጋሼ!" አሉት። "ሁላችንም ካልን ማንም አይጎዳም አይደል? አለቀ!" ያፌት እንዲያውም ተቆጣ፤ "ይኼን ለመንገር ነው በተሰበረ አጥንት የመጡት? እኔ እኮ ቀድሜ ነው የምነሳው!" አለው። ጋሽ ቃለአብ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማሳው ዳር ቆመ። ስንዴው ቅጠሉን አውጥቷል። እፍኙ የበዛበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ያስቃል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ አንዱ ድንበሩ ላይ። ማን የት እንደቆመ ከአረንጓዴው ይለያል ለማለት ምንም አልቀረውም። ወደዳቸው። በእውነት ወደዳቸው።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ዘነበወርቅ ሕጉን በአጭሩ አስረዳች፣ ሁሉም ካመነ የሚዘጋ ማሳ እንደሌለ ደግማ ተናገረች። ከዚያ "በዚህ ማሳ ላይ የጨመረ ሰው እጁን ያንሳ" አለች።

አንድም እጅ አልተነሳም።

የጋሽ ቃለአብ ዓይን ያፌትን ፈለገ። ያፌት መምሬን ያያል። መምሬ መሬት ያያሉ። ከኋላ ወንበር አንዱ አሳለ። ሁሉም ሰው ሌላው እስኪያነሳ ይጠብቃል፤ ቀድሞ ያነሳ ሰው፣ ሌላው ከቀረ፣ ማሳውን ይዞ ገደል እንደሚገባም ሁሉም ገብቶታል። ማህሌት እጇን አነሳች። እስከ ትከሻዋ ድረስ ብቻ። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ብቻዋን ሆነች። እጇ ወደ ራሷ ሄዶ ነጠላዋን አስተካከለ፣ እዚያው ቀረ።

"እንዴ!" አለ ጋሽ ቃለአብ፣ ክራንቹን ተደግፎ እየተነሳ። "ምን ሆናችኋል? ትናንት ቤታችሁ መጥቼ የለም እንዴ? አንድ ላይ አንሱት እንጂ! አንድ ላይ ከሆነ እኮ ምንም የለውም! አበልጄ?"

ያፌት አንገቱን እንደደፋ "እርስዎን የሚጠላ የለም" አለ።

ይህን ጊዜ መምሬ ናትናኤል ተነሱ። ለጋሽ ቃለአብ ተስፋ ታየው፤ መምሬ ካሉ ሁሉም ይላል።

"ልጆቼ" አሉ መምሬ። "ለበሽተኛ የተሰጠ አይነገርም። አባቶቻችን እንዲህ አላስተማሩንም። የተነገረ እንደሆነ በሽታው ወደ ሰጪው ይዞራል። የሰጠ ሰው ቢኖር እግዚአብሔር ያውቀዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?"

አዳራሹ ተነፈሰ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። "እውነት ነው፣ አይነገርም" የሚል ማጉረምረም ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። የሚሸሸግበት ጎሬ የተገኘለት ሰው ፊት እንዴት እንደሚበራ ጋሽ ቃለአብ የዚያን ቀን አየ። ከሦስት ቀን በፊት ቤቱ ገብተው እፍኛቸውን የነገሩት እኚሁ መምሬ ነበሩ።

ዘነበወርቅ ወደ እሱ ዞረች። "አባባ፣ የሚጠሩት ስም አለ?"

ያፌት ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። የልጁ ሚስት ሕፃን ታቅፋ ከጎኑ ተቀምጣለች። እትዬ ሶልያና ባሏን በክርኗ ጎሸመችውና "ተናገር!" አለች፤ ሁሉም ሰማት። ስሙ ጋሽ ቃለአብ ምላስ ላይ ነበር። ሊለውም ፈልጎ ነበር። ይህን ሲያስበው እስከ ዛሬ ጀግንነት አይለውም፤ አፉ እምቢ አለው እንጂ።

"የለም" አለና ተቀመጠ።

ሸራውን ያለበሱት ስንዴው ሳያሸት ነው። ሠራተኞቹ ከአራቱ ማዕዘን ይዘው ሲዘረጉት ሬሳ የሚገንዙ ይመስሉ ነበር። በማግስቱ ድምፅ ማጉያው የነያፌትን፣ የነማህሌትን፣ የነመምሬን ከጠራ በኋላ በቀጥታ ወደሚቀጥለው አለፈ። ከዚያ ደግሞ የተዘጋው ማሳ ድርሻ ለአዋሳኞቹ መደልደሉን አስታወቀ። የዚያን ሳምንት የወይራ አምባ ሰው ማዳበሪያ ጨመረ፣ ስንዴው ጠቆረ፣ ሰላምታው ደመቀ። ጋሽ ቃለአብ በመንገድ ሲያልፍ ግን "መሬቱስ?" የሚለውን ይዘሉለት ጀመር።

ቤት የሚለቁ ዕለት ደቦ ወጡለት።

አንድ ሰው አልቀረም። ቁም ሣጥኑን ያፌት ብቻውን ተሸክሞ አወጣው፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ማህሌት ሳህኖቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለለች። መምሬ መኪናውን ባረኩ። ሲጨርሱ ተሰልፈው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ጎንበስ አሉ፣ እሱም ወጉን ጠብቆ አነሳቸው። "እናንተ ባትኖሩልኝ ምን እሆን ነበር" አላቸው። ለምን እንዲህ እንዳለ አያውቅም። ይባላል፣ አለው። እትዬ ሶልያና ግን ለማንም ጉንጯን አልሰጠችም፤ መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ጋሽ ቃለአብ አሁንም በዚያው ሰዓት ይነቃል። ተነስቶ መስኮቱን ከፍቶ ይቆማል፤ የሚጠራ ግን የለም። ሽንት ቤቱ ከአልጋው አጠገብ ነው፣ ወደ አስፋልት መሮጥ የለም። ሊፍቱ ውስጥ ያገኘውን ሰው በልማድ "መሬቱስ እንዴት አደረ?" ይለዋል፤ ሰውየው ወደ ወለሉ አይቶ ይስቃል።

በጥር፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ የወይራ አምባ መኪና አንድ ጆንያ አድርሶላቸው ሄደ። እትዬ ሶልያና ፈታችው። ስንዴ ነው። እጇን ከተተችና አገላበጠችው፤ አንድ ማሳ ላይ የበቀለ አልነበረም። ቀይ አለበት፣ ነጭ አለበት፣ ደቃቅ አለበት፣ ደንዳና አለበት። ከየቤቱ ተለቅሞ የተደባለቀ ነው። ማን ምን እንደሰጠ የሚናገር ምልክት የለውም።

"እፍኝ እፍኝ ነው" አለች። እጇን አወጣችና በቀሚሷ ጠረገችው። "አሁንም ለበሽተኛ።"

ጋሽ ቃለአብ ጆንያውን አየው። በድርሻው የበቀለ ስንዴ ነው። በእሱ ትንፋሽ።

"ልመልሰው? ላፍስሰው?" አለችው። "አንተ የምትለውን ላድርግ።"

"እህል ምን አደረገ" አለ። "አስፈጪውና ጋግሪው።"

ቅዳሜ ጋገረችው። ድፎው ተቆርሶ ሲቀርብ ቤቱን ሽታው ሞላው። ጋሽ ቃለአብ አማትቦ አንድ ቁራሽ አነሳ፣ አላመጠ። ቢመርረው፣ ቢጎረብጠው፣ ጠጠር ቢያገኝበት ደስ ባለው ነበር፤ ይተፋውና ይረግማቸው ነበር። ዳቦው ግን ለስላሳ ነው፤ የመረሬ ስንዴ ነው፤ ጣፋጭ ነው።

"እንዴት ነው?" አለችው ሚስቱ፣ የራሷን ሳትነካ።

እየተንገበገበ ሁለተኛውን ቁራሽ አነሳ።